ሳያዩ የሚሰፉት ጫማ ሠሪ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ለአጎቴ ሱቅ ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፈትኩ። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር፣ የበሩ ፎቶ፤ በቃ። ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ሳሙናና የሰው ፍራሽ ሳሞግስ ኖሬ፣ ማስታወቂያ ቤቱ «ክፍሉ ታጥፏል» ብሎ ሲያሰናብተኝ፣ ለራሴ ሰው አንዲት መስመር እንኳ ጽፌ እንደማላውቅ ታወቀኝ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጫማ ሠሪ ናቸው፣ ግን ከመደርደሪያ አንስተሽ የምትገዢውን ዓይነት አይደለም የሚሠሩት። አንድ እግሩ ላጠረበት፣ አጥንቱ ተሰብሮ ጠሞ ለገጠመ፣ ከሕፃንነቱ እግሩ ወደ ውስጥ ለዞረ ሰው ነው የሚሠሩት። አርባ ዓመት ሆናቸው። ልጃቸው መሐንዲስ ነው፤ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። ባለፈው እሑድ መጥቶ ቁርጡን ነገራቸው፦ እስከ ክረምቱ መውጫ ሱቁ ደንበኛ ካላገኘ ይዘጋና እሱ ጋ ይገባሉ። «በወር ሁለት ሰው ለሚመጣበት ሱቅ አባቴ ብቻውን ሲንገላታ ማየት ሰለቸኝ» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም። ሲሄድ፣ ለሱቁ ገጽ እከፍታለሁ ስለው፣ «ገጹን እከታተላለሁ» አለኝ፣ ልክ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ።

አጎቴ ከዚያ ሱቅ ከወጡ በሕይወት ዓመት አይቆዩም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

የመጀመሪያው ጽሑፍ ወጣ። «አስደናቂ! ለማመን የሚከብድ የጫማ ጥበብ በከተማችን!» ከሥሩ ሁለት አንቀጽ ሙሉ ውዳሴ። አሥራ አንድ ላይክ አገኘ። አራቱ ዘመድ ናቸው፣ አንዱ እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ሞባይል ጠጋኙ ቆጥሮ፣ የማናውቃቸው ስድስት አድናቂዎች ካሉንማ ዘበኛ እንቅጠር አለኝ።

አጎቴ አንብቢልኝ አሉ፤ መነጽራቸው ቤት ቀርቷል። ድምፄን አሳምሬ አነበብኩላቸው። ወስፌውን አስቀመጡ።

«ለማን ነው የጻፍሽው?»

«ለሁሉም ሰው ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሁሉም የሚባል ሰው እግር ለክቼ አላውቅም» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ፊቴ ፍም መሰለ። ማስታወቂያ ቤት በስምንት ዓመት ያልነገሩኝን በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ ማታ

ጠዋት አንዲት ሴት መጣች። አጎቴ ጫማ አላሳዩዋትም፣ እግሯንም አላዩም። በርጩማ አቅርበው ስለ ውሎዋ ጠየቋት። ግማሽ ሰዓት አወሩ። ቀኑን ሙሉ ቆማ እንደምትውል፣ ደረጃ ሲወረድ ሰው እንዳያያት የመጨረሻዋ እንደምትሆን ነገረቻቸው፤ ሳትጠየቅ፣ እንደ እህት። ከዚያ በኋላ ነው በባዶ እግሯ ስስ ወረቀት ላይ አቁመው የሁለቱንም እግሮቿን ዙሪያ በወፍራም እርሳስ የሳሉት። ያጠረው እግር ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ያደርጋሉ። ከሥሩ በቀጭን እርሳስ አንድ ሁለት መስመር ይጽፋሉ። ወረቀቱን ከመሃል አጥፈው የመስኮቱ መስታወት ላይ ሲያስደግፉት ሁለቱ እግሮች ይደራረቡና ልዩነታቸው በብርሃኑ ይታያል። ወረቀቱ ስስ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ከሰዓት የድሮ ወረቀቶቻቸውን ሳገላብጥ ዋልኩ። «ቀኙ በአንድ ጣት ያጥራል። የትምህርት ቤት ደወል ደዋይ፣ ሮጦ መድረስ አለበት።» «ግራዋ ወደ ውስጥ። መደነስ ትፈልጋለች፣ ለባሏ አልነገረችም።» «ቀኙ ያብጣል። ሰው ፊት ጫማ አያወልቅም።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። ቅናት ነው የያዘኝ፣ ምን እዋሻለሁ። እኔ አንድ ሳሙና ለማድነቅ ሰባት ቅጽል እደረድር ነበር፣ እኚህ ሰው በአሥር ቃል አንድ ሰው ያቆማሉ። የድሮዎቹ ጽሑፎች የታተሙ ነው የሚመስሉት። የቅርቦቹ ይንጋደዳሉ፣ አንዱ መስመር ሌላው ላይ ይወጣል፤ ቸኩለው ይሆናል።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ለአንድ ሰው ጻፍኩ። ለዚያች ደረጃ መጨረሻ ለምትወርደው።

«ጫማዎን ገልብጠው ይዩት። የአንዱ ታኮ ከሌላው ቀድሞ አልቋል? አረማመድዎ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። አንዱ እግርዎ በጥቂቱ ያጠረ ይሆናል፤ ለዚህ የሚሆን ጫማ አለ።» የአንድ አሮጌ ጥንድ ጫማ ፎቶ፣ ታኮው ወደ ላይ ተገልብጦ። ቃለ አጋኖ የለም። ያለ ቃለ አጋኖ ስለጥፍ ራቁቴን ገበያ የወጣሁ ነው የመሰለኝ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ሁለት ሺህ ሰው አይቶታል! ሰዎች የጫማቸውን ታኮ ፎቶ እያነሱ ኮሜንት ላይ ይለጥፋሉ። ሞባይል ጠጋኙ የራሱን ገልብጦ አይቶ ቀልዱን ትቶ ወደ ሱቁ ገባ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

የሚጽፍልን ሰው በዛ። አጎቴ እያንዳንዱን አንብቢልኝ፣ እኔ እመልሳለሁ ይላሉ። ስልክ አልወድም ነው የሚሉት። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው እየሰፉ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

አንዱ የጉልበት ሕመሙን ጫማው ያድንለት እንደሆን ጠየቀ። አያድንም፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ በይው አሉ። ደንበኛ በእጃችን ገብቶ እንዴት እንመልሳለን ብዬ ተከራከርኩ፤ ቢያንስ «ይረዳዎታል» እንበል አልኩ። አልሰሙኝም። እንዳሉኝ ጻፍኩ። ሰውዬው አመስግኖ የጎረቤቱን ልጅ ላከልን። ልጁ ግራ እግሩ ሁለት ጣት ያጥራል።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ዝናብ። ሰባት ሰው ተለካ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት የእኔ ሥራ ሆኗል፤ ጠዋት ጠዋት ስድስት መርፌ አዘጋጅቼ ስፖንጅ ላይ እሰካለሁ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠግተነዋል። ማስቲሽ ፈሰሰ፣ የወለሉ ነገር አይወራ። መነጽር አሁንም ቤት ቀረ። ልገዛላቸው ነው ሁለተኛ፣ ሱቅ የሚቀመጥ።

ማታ መንገድ ስንሻገር ክንዴን ያዙኝ። ሰው ሲያረጅ ፍቅሩን ማሳየት ይጀምራል። ደስ አለኝ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ቀረጽኳቸው። ሳያውቁ አይደለም፣ አስፈቅጄ ነው። ዳመናው ጠቁሮ ሱቁ ጨለምለም ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ መልሰው፣ ሶሉን ከቆዳው ጋር ይሰፋሉ። ጣታቸው ነው የሚያየው። አውራ ጣታቸው በስፌቱ ላይ ይሄዳል፣ ቀጣይዋን ቀዳዳ ያገኛል፣ መርፌው ይከተላል። አንድም አይስትም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። አርባ ሁለት ሰከንድ ቪዲዮ ነው፣ ሙዚቃ አልጨመርኩበትም፣ የክሩ ድምፅ ብቻ።

ርዕሱን «ሳያዩ የሚሰፉት ጫማ ሠሪ» አልኩት። ሳነብላቸው መርፌው ለአፍታ ቆመ። ቀጥሎ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ። ሲሞገሱ ያፍራሉ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ዘጠና ሺህ። ዘጠና ሺህ ሰው!

የአጎቴ ልጅ ደወለ፣ ሥራ ቦታው ላይ ሁሉም አይቶታል። «በርቺ፣ ጉድ እኮ ነው የሠራሽው» አለኝ። እኔም ጉድ የሠራሁ መሰለኝ፤ መንገድ ላይ ለብቻዬ ስስቅ አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ሃያ ስድስት ትዕዛዝ። ስልክ። ስልክ። ስልክ። ምሳ አልበላሁም።

አጎቴ ከንጋት እስከ ምሽት ተቀምጠዋል። እናዘግየው ስላቸው፣ ሰው ጠርተሽ በር አይዘጋም አሉ። ትንሽ ከስተዋል። የደከሙት በሥራው ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ድካም ይሻላል፣ ካለ ሥራ ከመቀመጥ።

ለገጹ አዲስ ሐሳብ መጣልኝ፦ ወረቀቶቹ። ደንበኞቹን አንድ በአንድ አስፈቀድኩ፣ ስም የለም፣ የእግር ቅርጽና የአጎቴ መስመር ብቻ። አሥራ አምስት ወረቀት መስኮት ላይ እየለጠፍኩ ፎቶ አነሳሁ፣ በጥድፊያ ወደ ጥቅሉ መለስኩ። ሰዎች ወደዱት። «ማን ነው እንዲህ የሚጽፈው?» ብለው ይጠይቃሉ። አጎቴ ናቸው ብዬ መለስኩ። መጀመሪያ ግን «እኛ» ብዬ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

አንዲት ደንበኛ ከቪዲዮው ሥር ጻፈች። «ጫማዬ ተሳስቶ ነው የተሠራው። እባካችሁ ደውሉልኝ።»

ከቪዲዮው በኋላ መጥተው ከተለኩት አንዷ ናት፣ የመኪና ወንበር ልባስ የምትሰፋ። ባለፈው ሳምንት ነው የወሰደችው። ድሮም ትንሽ እስኪለመድ ያስቸግራል። ክረምቱ ሊወጣ አንድ ወር ነው የቀረው፣ የአጎቴ ልጅ ገጹን በየቀኑ ያያል፣ ዘጠና ሺህ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ላይ ነው የጻፈችው። በውስጥ ልትጽፍልኝ ትችል ነበር።

ሰረዝኩት። ነገ እደውልላታለሁ።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

አልደወልኩም። ሰው በዝቶብኝ ነው።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ ማታ

ከየት ልጀምር።

ከሰዓት እንደ ወትሮው ኮሜንት አነብላቸው ነበር። ሴትየዋ እንደገና ጽፋለች። ዘለልኩት፣ ወደሚቀጥለው ሄድኩ። አጎቴ መርፌያቸውን ስፖንጁ ላይ ሰኩ።

«አንዱን ዘለልሽ» አሉ።

«ኧረ አልዘለልኩም።»

«ስታነቢ ትተነፍሻለሽ። እዚያች ጋ ትንፋሽሽ ተቋረጠ። አንብቢው።»

አነበብኩት። «የፊተኛው ኮሜንቴ በስህተት የጠፋ ይመስለኛል። ጫማዬ ተገላቢጦሽ ነው የተሠራው። የሚያጥረው ቀኜ ነው፣ ከፍ የተደረገው ግን የግራው ጫማ ነው። አድርጌው ደረጃ ላይ ወድቄያለሁ፤ ለክፉ አልሰጠኝም። ልወቅሳችሁ ፈልጌ አይደለም፣ እንድታውቁት ነው።»

አጎቴ ወረቀቷን አምጪ አሉኝ። ከጥቅሉ ውስጥ አወጣሁት፣ እዚያው ክው ብዬ ቀረሁ። ፊቱ ወደ ታች ነበር። ፎቶ ካነሳሁ በኋላ ገልብጬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ወፍራሙ የእርሳስ መስመር ከስሱ ወረቀት ጀርባ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ኤክሱም ይታያል፤ በጀርባው ግን ቀኙ ግራ ሆኗል። አጎቴ በጀርባው ነው የሠሩት።

«የእኔ ጥፋት ነው» አልኩ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገለበጥኩት፣ እኔ...»

«ከኤክሱ ሥር ጽሑፍ አለ» አሉ። «በጀርባ ሲሆን ፊደሉ ሁሉ ይዞራል። ፊደል መዞሩን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እኔ አልታየኝም።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። አጎቴ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ እንደዚያ ቪዲዮ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ቀጠሉ።

«ዓይኔ ከታመመ ሁለት ዓመት ሆነው። የመሃሉ ነው የጠፋው፣ ዳር ዳሩ አለ። አንቺን የማየው ዞር ስል ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«በወር ሁለት ሰው ሲመጣ እደርስበት ነበር፣ አንዱን ጫማ አንድ ወር እዳብሰው ነበር። ከዚያ አንቺ ሰው ጠራሽልኝ። እንዲያ ደስ ብሎሽ ስትሮጪ ምን ብዬ አቁሚ ልበልሽ? ደግሞ እኔም ወደድኩት። ሰው በበሩ ሲገባ ወደድኩት።»

ሁሌ ቤት ቀረ የሚባለውን መነጽር አስታወስኩ። ስፖንጁን፣ የፈሰሰውን ማስቲሽ፣ ክንዴን መያዛቸውን። ጣታቸው ነው የሚያየው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለዘጠና ሺህ ሰው የአጎቴን መታወር እንደ ትርዒት አሳይቼ ዋንጫ ያነሳሁ መስዬ ከረምኩ። በየቀኑ ከጎናቸው እየተቀመጥኩ አደነቅኳቸው እንጂ አላየኋቸውም። ሰው ሲወድቅ ደግሞ ኮሜንቱን ሰረዝኩ። ምን ይዋጠኝ።

ኮሜንቱን መሰረዜን ነገርኳቸው። ብዙ አልተቆጡኝም። ደውዪላት፣ ከዚያ የምነግርሽን ትጽፊያለሽ አሉ።

ደወልኩ። ስልኳን አላነሳችም። በዚህ ሰዓት ማሽን ላይ ናት መሰለኝ።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። «አንጋፋው» የምትል ቃል ሾልካ ገባችብኝና ሳነብላቸው አውጪያት አሉ።

«ጫማ ሠሪው ነኝ። ቪዲዮው ላይ ሳላይ ስሰፋ አይታችኋል። ጥበብ አይደለም፣ ዓይኔ ታሟል፣ አይድንም። በዚህ ምክንያት የአንዲት ደንበኛዬን ጫማ ገልብጬ በመሥራቴ ወድቃለች። መጀመሪያ የጻፈችውም ተሰርዞ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። ያዘዛችሁ ብትተዉት አይከፋኝም። የምትጠብቁ ካላችሁ ግን፣ እጄ ደህና ነው፣ አርባ ዓመት የለካሁት ሁሉ አለ፣ የጎደለኝ የሚያይ ሰው ነው። መስፋት የሚችል፣ ችኩል ያልሆነ፣ የሰው እግር የማይጸየፍ ሰው እፈልጋለሁ። ያለኝን አስተምረዋለሁ።»

ቪዲዮው ላይ ርዕሱን ቀየርኩ። ልሰርዘው ነበር፤ አይሰረዝም አሉ፣ እውነቱን ከሥሩ ጻፊ አሉ።

ለጠፍኩት። አሁን ሳስበው በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሻለው ይህ ነው፣ አንዷም ቃል ግን የእኔ አይደለችም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አራት መቶ ሰው አይቶታል። ከቪዲዮው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ከሃያ ስድስቱ አሥራ ዘጠኙ ትዕዛዛቸውን ተዉ፣ ብዙዎቹ በትህትና። ሰባቱ እንጠብቃለን አሉ። አንዱ አስቀያሚ ነገር ጻፈ። አነበብኩላቸው፣ አልሰረዝኩትም። አጎቴ ሳቁ፤ ይህ ሰው ጫማ አይደለም ያጠረው አሉ።

ልማር ያለ የለም። ሁለት ደውለው ነበር፤ አንደኛው ቪዲዮ ላይ ይወጣ እንደሆን ጠየቀ፣ ሁለተኛው አልመጣም።

የአጎቴ ልጅ ደወለ። ድምፁ ተሰብሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቱ እንዴት እንደደበቁት ጠየቀኝ፤ እኔስ አጠገባቸው ተቀምጬ እንዴት እንዳላየሁ ጠየቀኝ። በወሩ መጨረሻ መኪና ይዞ ይመጣል። «ሻንጣውን ታዘጋጂለታለሽ» አለ።

ለአጎቴ ስነግራቸው ወስፌዎቹን በየመጠናቸው መደርደር ጀመሩ። ደርድረው ሲጨርሱ በታትነው እንደገና ደረደሩ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

መጣች! ወንበር ሰፊዋ።

ፌስታል ይዛ ገባች፣ ቀኝ እግሯን እየሳበች። ጫማዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሶላቸው ተላቋል፣ ገበራቸው ወጥቷል፣ ስፌታቸው ተተርትሯል። ልትጥልብን ነው ያመጣችው ብዬ ወደ ኋላ አልኩ።

ቁጣዋ እስኪበርድ ሁለት ሳምንት ፈጅቷል። የእኛን ጽሑፍ አንብባለች፣ ደውዬላት ማንሳት አልፈለገችም ነበር። ከዚያ አንድ ቀን፣ የት ላይ እንደተሳሳተ ልየው ብላ ፈታችው።

«ጋሼ» አለች፣ «እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ወንበር ሰፍቻለሁ። የሚታየውን አሳምራለሁ፣ የማይታየውን እንደ ምንም አያይዘዋለሁ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው። የእርስዎን ውስጡን ሳየው ግን ማኩረፍ አቃተኝ። ማንም በማያየው ቦታ እንዲህ ይሰፋል?»

አጎቴ የተተረተረውን ጫማ አንስተው በጣታቸው ዳበሱት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። እዚያ እሷ ስፌታቸውን አስመስላ ለመስፋት ሞክራለች። ይህንን ማን ሰፋው አሉ። እኔ አለች። ክሩን አጥብቀሽዋል፣ ቆዳው መተንፈስ አለበት አሉ። እሷም መቀሱን አንስታ ቆረጠችውና እንዴት ልያዘው አለች። እኔን ሁለቱም ረሱኝ።

ከዚያ ነው የተናገረችው። «የሚያይ ሰው እፈልጋለሁ ብለዋል። እኔ አያለሁ። ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የምችለው፣ ከሰዓት ወንበሬ አለ።»

ስትወጣ በር ላይ ይዣት፣ ኮሜንቷን የሰረዝኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። «አውቄዋለሁ እኮ» አለች። «በስህተት ይመስለኛል ያልኩት መመለሻ እንዲኖርሽ ብዬ ነው።»

ጽሑፍ የማስተምር ብሆን ይህችን ዓረፍተ ነገር ነበር የማስተምረው።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

በችኮላ፦ ወረቀቶቹ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፊት» ብዬ ጻፍኩ፣ ሁሉም ላይ። እሷ ትለካለች፣ አጎቴ ይጠይቃሉ። እሷ ትቆርጣለች፣ አጎቴ ይዳስሳሉ። ትናንት ተጣሉ፤ ታኮ እንዴት እንደሚከረከም። እሷ አሸነፈች። አጎቴ ማታ ሲሄዱ ያፏጩ ነበር። መጀመሪያ የራሷን ጫማ ነው እየሠሩ ያሉት።

ገጹ ላይ የማስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በየሁለት ቀኑ የአንድ ሰው ጥያቄና የአጎቴ መልስ። የሚያየው ጥቂት ነው። የሚያዩት ግን ጫማቸውን ገልብጠው የሚያዩ ናቸው።

የአጎቴ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይመጣል። ሻንጣውን አላዘጋጀሁም። አላዘጋጅም።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ጠዋት መጣ። መኪናውን ደጃፍ አቁሞ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ገባ፣ አባቱን አቅፎ ለብዙ ጊዜ አልለቀቃቸውም። ከዚያ ዕቃው የት አለ አለኝ። የለም አልኩት። ሊቆጣ አፉን ሲከፍት አጎቴ ዝም በሉ አሉ፤ ሰፊዋ ጫማዋን ልትሞክር ነበር።

አዲሱን ጫማ አደረገች። አጎቴ ሊያዩአት አልሞከሩም፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ሂጂ አሏት። በሲሚንቶው ወለል ላይ ከጠረጴዛው እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች።

«ቀኙ ይዘገያል» አሉ። «የክር ያህል።»

አወለቀች፣ ከታኮው ስስ ልጣጭ አነሳች፣ መልሳ አደረገች። ሄደች። አጎቴ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ እንደገና አነሳች። በሦስተኛው እኔም ሰማሁት። ድሮ ስትገባ አንዱ እርምጃዋ ከባድ፣ አንዱ የሚጎተት ነበር። አሁን ሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጡ፣ አንዱ ከሌላው ሳይለይ፣ እስከ በሩ ድረስ። እሷ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና ወዲያው አልዞረችም። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው ማልቀሷን ያወቅነው።

አጎቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ። እንደዚህ ሰው የሚያምር ሰው አላውቅም። ይህን ስጽፍ ቀና ብዬ ለማን ነው የምጽፈው አልልም፤ ለራሴ ነው፣ እንዳልረሳው።

«አባዬ» አለ የአጎቴ ልጅ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ድጋሚ ትሂድ።»

አራት ጊዜ ሄደች። በሦስተኛውም በአራተኛውም እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሲገልጠው የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከተተና በየወሩ እየመጣ ዓይን ሐኪም ዘንድ እንደሚወስዳቸው ነገራቸው፤ «የቀረውን ቀን ሥራ አለህ» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ስንት ሰው ተራ እየጠበቀ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ሰባት» አልኩ።

«ስምንት ነው» አሉ አጎቴ። «ደጅ የቆመ አለ። ግራውን ነው የሚያነክሰው። ግባ በሉት።»

ወጥቼ አየሁ። አንድ ሰውዬ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ ይግባ አይግባ ሳይቆርጥ፣ ከመኪናው አጠገብ ቆሟል። በሩን ከፍቼ በርጩማውን አቀረብኩለት።